ስንጥሩን የምንፈልገው በሰው ገንፎ ብቻ ነው

«ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። እሱ ካልበቃን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይጨመርልናል። ስለዚህ መጠርጠርን የሚያስተምረን አያስፈልገንም። ዜና ሲነበብ አንባቢውን ማን እንደሚከፍለው እንጠይቃለን። መግለጫ ሲወጣ ከመግለጫው ጀርባ ያለውን እጅ እንፈልጋለን። ጥናት ሲታተም የአጥኚውን ስም አይተን ውጤቱን ሳናነብ ፍርድ እንሰጣለን። ይህን ሁሉ አድርገን ስናበቃ ራሳችንን «ነቄ» እንላለን።

የዚህ ጽሑፍ ነገር አጭር ነው። መጠርጠርና ማሰብ አንድ አይደሉም። መጠርጠር ሌላውን መመርመር ነው። ማሰብ ግን ሌላውን የመዘንንበትን ሚዛን በራሳችንም ላይ ማዞርን ይጠይቃል። ወደ ራሱ የማይዞር ጥርጣሬ ንቃት አይደለም፤ የንቃት ልብስ የለበሰ ወገንተኝነት ነው።

የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባል ኮርስ ይወስዳሉ። መልካም ነው። ተማሪው የሕጸጾቹን ስም በቃሉ ይዞ ይፈተናል። ከፈተናው በኋላ ግን ስሞቹ የት እንደሚውሉ የኮሜንት መስጫዎችን ያየ ያውቃል፤ ስድብ ይሆናሉ። «ይሄ አድ ሆሚነም ነው!» ይላል አንዱ። ሌላው «አንተ ራስህ ስትሮው ማን!» ብሎ ይመልሳል። ቀድሞ «ደደብ» ይባል የነበረው ዛሬ በላቲን ተባለ እንጂ ክርክሩ አንድ እርምጃ አልተራመደም።

ስለዚህ ስምና ትርጉም መዘርዘሩን ትቼ በአንድ ጉዳይ ላይ ልከራከር። የመረጥኩት ጉዳይ አብዛኞቻችን «ተበድለናል» ብለን የተስማማንበት ነው። በደሉን በደንብ ካየነው በኋላ ያው ሚዛን እኛን ሲመዝን ምን እንደሚል እንመለከታለን።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

እሑድ ጠዋት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ያህል በረረና ቢሾፍቱ አቅራቢያ ጊምቢቹ ወረዳ ውስጥ ወደቀ። ከ30 በላይ አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ አየር መንገዱ ከተረከበው ገና ጥቂት ወራት የሆነው አዲስ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከዚያ 132 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ ያው ዓይነት አውሮፕላን ከጃካርታ ተነሥቶ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገብቷል፤ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ነበር፣ 189 ሰው ሞቷል።

ምርመራው ሳያልቅ ብዙ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነበር። በውጭ አገር መገናኛ ብዙኃንና በአቪዬሽን አስተያየት ሰጪዎች ዘንድ ደጋግሞ የተነሣው ቁጥር 361 ነው፤ የረዳት አብራሪው የበረራ ሰዓት። የዋናው አብራሪ የካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 8,122 ሰዓት ያን ያህል አፍ አልከፈተም። ግንቦት 7 ቀን በአሜሪካ ምክር ቤት የአቪዬሽን ንዑስ ኮሚቴ ፊት ሳም ግሬቭስ የተባሉት የምክር ቤት አባል፣ አብራሪዎቹ አሜሪካ የሠለጠኑ ቢሆኑ ኖሮ ሁኔታውን ይወጡት ነበር የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ።

ያኔ ተናደድን። ቁጣችን ትክክል ነበር። ግን ስለ ምን እንደተናደድን በትክክል እንበለው፤ ከንዴቱ የሚጠቅመን ይህ ነውና።

የክርክሩ ቅርጽ እንዲህ ነው። «የረዳት አብራሪው ልምድ ትንሽ ነው። አውሮፕላኑ ወደቀ። ስለዚህ የወደቀው በአብራሪዎቹ ምክንያት ነው።» ሁለቱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። ሦስተኛው ግን ከእነሱ አይወጣም። እንዲወጣ ከተፈለገ በመሃል ያልተነገረ ሌላ ዓረፍተ ነገር መኖር አለበት፤ «አውሮፕላኑ ደኅና ነበር» የሚል። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። ቢናገር «በምን አወቅህ?» ይባላል። ሳይናገረው ግን የሚጠይቀው የለም። ያልተነገረ ግምት ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚሟገተው የለም፣ ምክንያቱም አደባባይ አልወጣም።

አራት ሰከንድ

አሁን ወደ አውሮፕላኑ እንሂድ። ቦይንግ በማክስ ላይ ኤምካስ የሚባል ሥርዓት ገጥሞ ነበር። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ቀና ያለ ሲመስለው በራሱ ወደ ታች የሚገፋ ሶፍትዌር ነው። «ሲመስለው» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ኤምካስ የሚያምነው ከአንድ መለኪያ የሚመጣን መረጃ ብቻ ነበር። ያ አንድ መለኪያ ከተሳሳተ ሶፍትዌሩ ደኅናውን አውሮፕላን ደጋግሞ ወደ መሬት ይገፋዋል። ከጥቅምቱ አደጋ በፊት ደግሞ የኤምካስ ነገር በአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልተገለጸም ነበር።

ቦይንግ ይህን ሲያደርግ ያለ ስሌት አልነበረም። ስሌቱ ግን በግምት ላይ ቆሞ ነበር። ሶፍትዌሩ ቢሳሳት አብራሪው በአራት ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ነገሩን ለይቶ ያስተካክለዋል ተብሎ ተገመተ። እንደ እውነቱ ከሆነ በኩባንያው ውስጥ ራሱ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ አንድ የቦይንግ የሙከራ አብራሪ በሲሙሌተር ላይ ሲሞክረው ከአሥር ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት ውጤቱን «አውዳሚ» ብሎ መዝግቦታል። ማስረጃው ነበረ ማለት ነው። ግምቱ ግን ቦታውን አልለቀቀም።

ከጥቅምቱ አደጋ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የራሱን ትንተና ሠርቶ ነበር። ሶፍትዌሩ ሳይስተካከል ከቀረ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን ውስጥ እስከ 15 የሚደርሱ ተመሳሳይ አደጋዎች ሊከተሉ እንደሚችሉ ሰነዱ ገመተ። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተልኳል፤ ማስተካከያው እስኪደርስ ማሳሰቢያው ይበቃል ተባለ። አሁንም ግምት።

መስከረም 2012 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሪፖርት አወጣ። የሪፖርቱ ርዕስ ራሱ የሚጀምረው በደኅንነት ምዘና ውስጥ ስለተወሰዱ ግምቶች በመናገር ነው። ሰው ማንቂያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጮኽበት፣ መሪው በእጁ ሲንቀጠቀጥ፣ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎቹ ሲጣሉ ምን ያደርጋል የሚለውን የቦይንግ ስሌት አላስገባም ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ ለ346ቱ ሰዎች ሞት ካስቀመጣቸው ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል የመሐንዲሶቹን የተሳሳቱ ቴክኒካዊ ግምቶች ጠቀሰ። ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ቦይንግ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት በማታለል በቀረበበት የወንጀል ክስ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግምት ኃጢአት አይደለም። ያለ ግምት አውሮፕላን አይሠራም፤ ድልድይም አይሠራም፤ ሰውም ከቤቱ አይወጣም። ታክሲ ስንሳፈር ሹፌሩ መንጃ ፈቃድ እንዳለው እንገምታለን። ጥፋቱ መገመት ላይ አይደለም። ጥፋቱ ግምትን እንደተረጋገጠ ነገር መቁጠር ላይ፣ ማስረጃ ሲመጣም ግምቱን ከመለወጥ ማስረጃውን ማስቀመጥ ላይ ነው።

ሕጸጽ የግምት ዘበኛ ነው

አሁን ሁለቱን ታሪኮች እናገናኛቸው። በቢሮ ውስጥ «አብራሪው በአራት ሰከንድ ያስተካክለዋል» የሚል ግምት አለ። አደጋው ሲደርስ ግምቱ መጠየቅ ነበረበት። ግን ከውጭ «እነዚህ አብራሪዎች እኮ ልምድ የላቸውም» የሚል ክርክር ደረሰለት። ከጥቅምቱ አደጋ በኋላም የኢንዶኔዥያ አየር መንገዶች የደኅንነት ታሪክ ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን የተሞተበት አውሮፕላን ሳይሆን የሞተው ሰው ይመረመራል። ሕጸጽ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። የሎጂክ መምህራን የሚያርሙት የሰዋስው ስሕተት ብቻ አድርገን ከወሰድነው አልገባንም። ሕጸጽ በር ላይ ቆሞ ግምታችንን ከጥያቄ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

ሌላም ዘበኛ ነበረ። መጋቢት 3 ቀን፣ ብዙ አገሮች አውሮፕላኑን ካገዱ በኋላ፣ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ አውሮፕላኑን ለማገድ የሚያበቃ መሠረት አላገኘሁም አለ። በማግስቱ የሳተላይት መረጃና ከአደጋው ቦታ የተገኘ ቁስ ሁለቱ አደጋዎች እንደሚመሳሰሉ ሲያሳዩ አገደ። «የጥፋት ማስረጃ አላየሁም» እና «ጥፋት የለም» አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ላይ ቆሞ ሁለተኛውን እንደተረጋገጠ አድርጎ መኖር በ132 ቀን ውስጥ ሁለት መቃብር አስቆፍሯል።

በሃድሰን ወንዝ ላይ አውሮፕላን በማሳረፉ ዓለም የሚያውቀው ካፒቴን ሰለንበርገር ሰኔ 12 ቀን በዚያው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ሁኔታውን በሲሙሌተር እንደሞከረውና ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ እያወቀ እንኳን አብራሪዎቹ ጊዜና ከፍታ እንዴት እንዳለቀባቸው እንደገባው መሰከረ። ይህን ስንሰማ ተደሰትን። ደስታችን ግን ከምን የመጣ ነው? ሰውየው ማስረጃ ስላቀረበ ነው ወይስ የኛን ወገን ስለደገፈ? በዚህ ጥያቄ ከበደል አድራጊው ወደ ተበዳዩ እንሻገራለን።

አሁን የራሳችን ገንፎ

ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን አወጣ። የአሜሪካው ቦርድ በሪፖርቱ ላይ አስተያየት ሰጠ። ኤምካስ ለአደጋው ያደረገውን አልካደም። ግን ሪፖርቱ የአብራሪዎቹን እርምጃዎች በበቂ አልመረመረም አለ። መለኪያው የተበላሸበትን ምክንያትም በሌላ መንገድ አስረዳ፤ የእኛው ሪፖርት የኤሌክትሪክና የአመራረት ችግር ሲል እነሱ ከወፍ ጋር በተፈጠረ ግጭት ነው አሉ። የፈረንሳዩ የምርመራ ቢሮም በአብራሪዎቹ ጉዳይ ላይ ተቀራራቢ ቅሬታ አቀረበ።

እንግዲህ ፈተናው ይኸው። የሚመጣልን የመጀመሪያ መልስ ምንድን ነው? «ቦይንግ የአሜሪካ ነው። ቦርዱም የአሜሪካ ነው። ስለዚህ ለኩባንያቸው ጥብቅና ቆመው ነው።» ጥሩ፤ በመሃል ያለውን ያልተነገረ ዓረፍተ ነገር እናውጣው፤ «የአሜሪካ መሥሪያ ቤት የአሜሪካን ኩባንያ አይነካም»። ግን የቦይንግን ግምቶች መስከረም 2012 ላይ ያጋለጠው ያው ቦርድ ነው! ያኔ ሲመቸን ሪፖርቱን እየጠቀስን ታማኝ አልነው፤ ሳይመቸን ተላላኪ እንለዋለን። ሚዛኑ አንድ ነው፤ የተለወጠው የእኛ ፍላጎት ነው።

ጥቅም ያለው ሰው የሚናገረውን በጥንቃቄ መስማት ተገቢ ነው። ከሆነ ግን አየር መንገዱም የመንግሥት ነው፤ የምርመራ ቢሮውም የመንግሥት ነው። በሁለቱም ወገን ጥቅም አለ። ስለዚህ የጥቅም ጥያቄ ለማጣራት ያነሣሣናል እንጂ ፍርድ አይሰጠንም። ፍርዱ ከመረጃ መቅጃው ሣጥን፣ ከፍርስራሹ፣ ከሰዓቱና ከደቂቃው ነው የሚወጣው።

አንዳንዱ «ታዲያ አብራሪዎቹ ናቸው ጥፋተኞቹ ልትል ነው?» ይለኛል። ይህ ጥያቄ ራሱ ሕጸጽ ይዟል። ወይ ማሽኑ ወይ ሰው፣ ሦስተኛ የለም የሚል። አደጋ አንድ አባት ብቻ የለውም። የተበላሸ ሶፍትዌር አብራሪን ከአቅሙ በላይ የሆነ ችግር ውስጥ ሊከተው ይችላል፤ በዚያ ችግር ውስጥ የተወሰደው እያንዳንዱ እርምጃም ሊመረመር ይገባል፤ ቀጣዩ አብራሪ ይማርበታልና። የመጀመሪያው እውነት ሁለተኛውን አያስቀረውም፤ ሁለተኛውም ቦይንግን ነጻ አያወጣም። የካፒቴን ያሬድ ክብር ደግሞ ምርመራን የሚፈራ ክብር አይደለም።

በየዕለቱ የምንቀጥራቸው አራት ዘበኞች

አውሮፕላኑን እንተወውና ወደ ዕለት ወጋችን እንውረድ። በየቻናሉ ሥር የሚካሄደውን ክርክር ብታዩት አብዛኛው በአራት አባባሎች ያልቃል።

አንደኛው «ማን ነው ያለው?» ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ሰው «በዓይኔ አየሁ» ብሎ ሲመሰክር ማን እንደሆነ፣ የት እንደነበር፣ ምን ጥቅም እንዳለው መጠየቅ አለብን፤ ምስክርነት በምስክሩ ይመዘናል። ሰው ክርክር ሲያቀርብ ግን፣ ማለትም «ይህ ሰነድ እዚህ አለ፣ ይህ ቁጥር ይህን ይላል፣ ስለዚህ…» ሲል፣ ክርክሩ በሰውየው አይቆምም አይወድቅምም። ሰነዱን ከፍቶ ማየት ነው። እኛ ምስክርነትንና ክርክርን አደባለቅናቸውና ሰነዱ ሳይከፈት የሰውየው ዘር ተቆጠረ።

ሁለተኛው «ያኔ የት ነበርክ?» ነው። የአንዱ አካባቢ ሰው ስለሞተ ሰው ሲጮኽ፣ የሌላው አካባቢ ሰው ሲሞት ዝም ብለህ ነበር ይባላል። ምናልባት እውነት ነው፤ ዝም ብሎ ይሆናል። ያ የእሱን ወጥነት ማጣት ያሳያል። የዛሬው ሟች ግን አልተነሣም። ግብዝ ሰው የተናገረው እውነት፣ እውነት ነው። ይልቅ «ያኔ የት ነበርክ?» የሚለው ሰው ራሱ ዛሬ የት እንዳለ ብንጠይቀው፣ ዛሬ ዝም ለማለት ያኔን እየተጠቀመበት እንደሆነ እናያለን። በዚህ መንገድ ሁሉም ለሁሉም ሬሳ ተራ እያስጠበቀ ነው።

ሦስተኛው «ሁሉም ያው ናቸው» ነው። ከአንድ ብሔር፣ ከአንድ ሃይማኖት፣ ከአንድ ፓርቲ የወጡ ሦስት ሰዎች ያደረጉት ነገር የሚሊዮኖች ጠባይ ይሆናል። የእኛ ወገን ሦስት ሰዎች ያንኑ ሲያደርጉ ግን «ጥቂት ግለሰቦች» ናቸው። ይህን አድልዎ ለማየት ምንም ፍልስፍና አያስፈልግም፤ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን መጻፍ ይበቃል።

አራተኛው «እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» ነው። ይህ ተረት በተረትነቱ ያምራል። ስልክ በያዝንበት ዘመን ግን ጭስ ያለ እሳት ይሠራል፤ ለመሥራትም ደቂቃ አይፈጅም። የአሮጌ ጦርነት ፎቶ የዛሬ ተብሎ ይለጠፋል፤ አንዱ ለአሥሩ፣ አሥሩ ለመቶው ያስተላልፈዋል። ከዚያ «መቶ ቦታ አየሁት፣ እንዴት ውሸት ይሆናል?» ይባላል። መቶ ቦታ የታየው አንድ ነገር ነው። የአንድ ምንጭ መቶ ቅጂ መቶ ምስክር አይደለም። ኤምካስ ያመነው አንድ መለኪያ ነበር፤ ያ አንድ መለኪያ መቶ ጊዜ ቢደግምለት መቶ ጊዜ ይሳሳት ነበር።

ሂሳቡ የሚከፈለው በደም ነው

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ታሪካችንን ይይ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሰውን ለመግደል የሰውየውን ሐሳብ ማሸነፍ አላስፈለገም። «አናርኪስት»፣ «አድኃሪ»፣ «ጸረ አብዮት» ከተባለ በቂ ነበር። ስያሜው ክርክሩን ተካው፤ ስያሜው ማስረጃም ፍርድም ሆነ። በዚያ ዘመን እርስ በርስ የተፋጁት ብዙዎቹ በአገሪቱ የተማሩ የሚባሉ ናቸው። መማር ብቻውን አላዳነም።

ቅርቡንም እናንሣ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ ቦንብ ይዟል ተብሎ በተወራበት ሰው ላይ ሕዝብ ተነሥቶ ገድሎ ሰቀለው። ወሬው ሐሰት ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ምዕራብ ጎጃም ሜጫ ወረዳ ውስጥ ለምርምር የሄዱ ሁለት ሰዎች ሕፃናትን ሊመርዙ መጡ በተባለ ወሬ በሕዝብ ተገደሉ። አንዱ ኦሮሚያ ነው፣ ሌላው አማራ ክልል ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጥኩት አውቄ ነው። አንዱን ብቻ አንስቼ ቢሆን ከእናንተ ግማሹ «አየህ!» ይል ነበር፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ «ያኔ የት ነበርክ?» ይለኝ ነበር።

በሁለቱም ቦታ ሰዉ ሞኝ ስለነበረ አይደለም። በሁለቱም ቦታ ሰዉ ጠርጣሪ ነበረ። ተጠራጥሮ ነው የገደለው። የጎደለው ጥርጣሬ ሳይሆን ጥርጣሬውን የሚጠረጥር ሰው ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «በምን አወቅን?» የሚል ድምፅ ጎልቶ ቢሰማ ኖሮ ምናልባት ሦስት ሰው ይተርፍ ነበር።

«ወንድሜ እየሞተ ስለ ሎጂክ ታወራልኛለህ?»

የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ ይህ ነው፤ በቀላሉ ልንቀው አልፈልግም። «በውሸት በተሞላ አገር፣ ባለሥልጣኑም አክቲቪስቱም በሚዋሽበት አገር፣ ለወገኔ ማድላት ብቸኛው መከላከያዬ ነው። ሚዛናዊ ልሁን ብል ሌላው ሚዛናዊ አይሆንልኝም» ይላል።

ሕመሙ ይገባኛል፤ ድምዳሜው ግን ተቃራኒውን ነው የሚያመጣው። የምትጠላውን የሚያውቅ ሰው አንተን ለማታለል ሌላ ዕውቀት አያስፈልገውም። የምትጠላውን ወገን ስም የያዘ ማናቸውንም ወሬ ይልክልሃል፤ ሳትመረምር ትውጠዋለህ፤ ለሌላውም ታስተላልፋለህ። በአንድ በኩል ብቻ የተዘጋ ቤት የተጠበቀ ቤት አይደለም። ሌባው የተከፈተውን በር ያውቀዋል። ወገንህን የምትወድ ከሆነ ለወገንህ የሚነገረውን ውሸት ከሁሉ በፊት የምታጣራው አንተ ልትሆን ይገባል፤ በዚያ ውሸት የሚማገደው የአንተ ወንድም ነውና።

ደግሞም ሰው ሞተብኝ የሚል ሰው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እውነት ነው። የ302 ሟቾች ቤተሰቦች ከአሜሪካ ምክር ቤት እስከ ፍርድ ቤት የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ሲቆሙ የጠየቁት ማን ምን ያውቅ እንደነበረ፣ መቼ እንዳወቀ፣ ለምን ዝም እንዳለ ነው። በሐዘናቸው መሃል የጠየቁት ማስረጃ ነው። ሐዘንና ማሰብ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

የ«ስለዚህ» ፈተና

መፍትሔ ብዬ የማቀርበው ትልቅ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በችሎት ላይ «ተጠየቅ» እያሉ ይሟገቱ ነበር። ከሳሽም ተከሳሽም በተራው ለጥያቄ ይቆማል፤ መጠየቅ ብቻ መብት የለም፤ መጠየቅና መጠየቅ አብረው ይሄዳሉ። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጣልን፤ ሁላችንም ጠያቂ ሆንን፣ ተጠያቂ ጠፋ።

ስለዚህ አንድ ልማድ ብቻ እንያዝ። አንድ ጽሑፍ ልባችሁን ሲያሞቀው ወይም ሲያቃጥለው ሼር ከማድረጋችሁ በፊት «ስለዚህ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ቃሉ ባይጻፍም ቦታው አለ፤ ከወሬው ወደ ፍርዱ የተዘለለበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ቁሙና በመሃል የጎደለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ እጅ ጻፉት። «አውሮፕላኑ ደኅና ነበር።» «የአሜሪካ መሥሪያ ቤት አሜሪካዊን አይነካም።» «የዚያ ብሔር ሰው ሁሉ ያው ነው።» ጽፋችሁ ስታዩት ወይ ታፍሩበታላችሁ ወይ ማስረጃ ትፈልጉለታላችሁ። ሁለቱም ትርፍ ነው።

ከዚያ ያንኑ ዓረፍተ ነገር የጠላችሁትን ስም አውጥታችሁ የራሳችሁን ወገን ስም አስገቡበት። አሁንም እውነት ከመሰላችሁ ላኩት። ካልመሰላችሁ የያዛችሁት ክርክር ሳይሆን ጥላቻ ነው፤ እዚያው ይቅር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የነገር ሥር ብዙ ጊዜ ያልተነገረው ነገር ነው። በሌላው ገንፎ ውስጥ ስንጥር መፈለግ የታወቀ ሙያችን ነው፤ ማንም አይስተካከለንም። ስንጥር የሚወጋው ግን የጎረሰውን ሰው ጉሮሮ ነው፤ እኛም በየዕለቱ የምንጎርሰው ከራሳችን ሳሕን ነው።